የሽንኩርት ብድር፦ በየወሩ እየከፈሉ ወይስ ምርቱ ሲሸጥ? (ፎገራና ባሕር ዳር ዙሪያ)

ጉማራ_ማዶ
ሰላም ለሁላችሁ። 18 አባላት ያለን ቡድን ነን። ሁላችንም በመስኖ ሽንኩርት እንተክላለን፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር)። ለዘንድሮ በነፍስ ወከፍ 60,000 ብር ልንበደር ነው። ከብድር ተቋሙ የቀረበልን ውል፦ 18 በመቶ ወለድ በ"ፍላት"፣ ለ12 ወር፣ በየወሩ እኩል ክፍያ። 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 10 በመቶ የግዴታ ቁጠባ ከብድሩ ላይ ይቀነሳል። የመጀመሪያው ክፍያ ገንዘቡ በወጣ በወሩ ይጀምራል። ግማሹ አባል "ተቋሙ ይቅርብን፣ በራሳችን ሳጥን እንቆጥብና እርስ በርስ እንበዳደር" ይላል። የሚያውቅ ሰው ሒሳቡን ቢያሳየን።

ሒሳብ_ያዥ
ከወለዱ በፊት የክፍያ ሰሌዳውን እዩት። የ60,000 ብር 18 በመቶ 10,800 ነው። ጠቅላላ ዕዳው 70,800፣ ለ12 ሲካፈል በወር 5,900 ይመጣል። ገንዘቡ ጥቅምት 1 ቢወጣ ሽንኩርቱ መጋቢት ላይ እስኪነቀል ድረስ አምስት ክፍያ ይደርሳል፤ 29,500 ብር። አንድ ኩንታል ሳይሸጥ የብድሩ ግማሽ ተመልሶ ሄደ ማለት ነው። ከየት ይከፈላል? ወይ ከዚያው ከብድሩ ላይ ይነሳና ማዳበሪያውና የፓምፑ ነዳጅ ይጎድላል፣ ወይ በግ ይሸጣል፣ ወይ አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይኬዳል።

ስለ ፍላት ደግሞ፦ ዕዳችሁን እየመለሳችሁም ወለዱ ዓመቱን ሙሉ የሚታሰበው በመጀመሪያው 60,000 ላይ ነው። በእጃችሁ የሚቆየው ገንዘብ በአማካይ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ 18 በመቶ የተባለው እውነተኛ ዋጋው ወደ 32 በመቶ ይጠጋል፣ ያውም የአገልግሎት ክፍያው ሳይቆጠር። ያው 18 በመቶ በቀሪው ዕዳ ላይ ቢሰላ ወርሃዊ ክፍያው 5,501 ብር አካባቢ፣ የዓመቱ ወለድ ደግሞ 6,010 ብር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ወደ 4,790 ብር ነው፣ በአንድ ሰው።

አሁን ምርት ሲሸጥ አንድ ጊዜ የሚከፈል ብድር እንውሰድ። 7 ወር ቢሆን 60,000 × 18% × 7/12 = 6,300 ብር። ልብ በሉ፣ ዋናው ገንዘብ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ የሚመለስ ከሆነ በፍላትና በቀሪ ዕዳ መካከል ልዩነት የለም፤ ዕዳው እስከ መጨረሻው ያው 60,000 ነውና።

ሁለቱን ተቀናሾች አትርሱ። 1,200 ለአገልግሎት፣ 6,000 ለግዴታ ቁጠባ ሲነሳ እጃችሁ የሚገባው 52,800 ነው። ቁጠባው 7 በመቶ ቢያስገኝ በ7 ወር 245 ብር ይመለሳል። የተጣራው ወጪ 6,300 + 1,200 − 245 = 7,255። ይህን ለ52,800 ስታካፍሉት ለሰባት ወር 13.7 በመቶ፣ በዓመት ሲሰላ 23.6 በመቶ ገደማ ነው። የግዴታ ቁጠባውን ከክረምት ጀምራችሁ ቀድማችሁ ብትቆጥቡ ከብድሩ የሚነሳው 1,200 ብቻ ይሆናል።

ችግኝ_መደብ
የሒሳቡ ሰው ጥሩ ብሏል፣ ሰባት ወር ያለው ግን ከየት እንደመጣ ይታይ። ለአንድ ቃዳ አንድ ኪሎ ገደማ ዘር ይበቃል (በሄክታር ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ነው)። ችግኙ መደብ ላይ ከ45 እስከ 55 ቀን ይቆያል። ጥቅምት 1 የተዘራ ኅዳር 21 አካባቢ ይተከላል። ቦምቤ ሬድ የሚባለውን ዝርያ ከተከላ በኋላ ወደ 110 ቀን ብትሰጡት መጋቢት 11 ገደማ ይደርሳል።

ብዙ ውል የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው፤ የደረሰበት ቀን የሚከፈልበት ቀን ተደርጎ ይጻፋል። ሽንኩርት ግማሽ ያህሉ አንገቱ ሲወድቅ ውሃ ይቆማል፣ አፈሩ ይደርቃል፣ ከዚያ ይነቀላል፣ ከዚያም ጥላ ስር ተበትኖ አንገቱ እስኪደርቅ አንድ ሳምንትም ከዚያ በላይም ይፈልጋል። የመክፈያ ቀን የደረሰበት ገበሬ ግን ውሃ ሳያቆም ነቅሎ በእርጥቡ ይሸጣል። እርጥብ ሽንኩርት በጆንያ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን ይደቁሳል። ደላላው ማሳ ዳር ቆሞ "መክፈያህ መቼ ነው?" ብሎ የሚጠይቀው ለወሬ አይደለም።

ስለዚህ የመክፈያው ቀን ሚያዝያ 30 ይሁን። ከጥቅምት 1 ልክ ሰባት ወር ነው። ፋሲካ ከዚያ በፊት ከዋለ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ገበያም አያመልጣችሁም።

ሌላው፣ 18ታችሁም በአንድ ሳምንት አትዝሩ። ስድስት ስድስት ሰው በሁለት በሁለት ሳምንት ልዩነት። ሁሉም ባንድ ጊዜ ከነቀለ የጭነት መኪናም፣ የቀን ሠራተኛም፣ ጆንያም ባንድ ጊዜ ይወደዳል።

ጉማራ_ማዶ
በጣም እናመሰግናለን። ግን ተቋሙ "የኛ ሰሌዳ ወርሃዊ ነው" ካለ ማስቀየር ይቻላል? ወይስ ዝም ብለን ሌላ ጋ እንሂድ?

የብድር_ዶሴ
በቃል ብቻ ከሆነ አይቻልም፣ በወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ይቻላል። የግብርና ብድር በምርት ወቅት የሚከፈልበት አሠራር ለገጠር አበዳሪዎች አዲስ ነገር አይደለም። የብድር ባለሙያው ግን ለአለቃው የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል። አንድ ገጽ የገንዘብ ፍሰት ሰሌዳ አዘጋጁለት፦ በጎን ወራቱ፣ በላይ "የሚወጣ" እና "የሚገባ"። ጥቅምት፦ ዘር፣ እርሻ፣ የመደብ ሥራ። ኅዳር፦ የተከላ ሠራተኛ፣ ማዳበሪያ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ ነዳጅ፣ አረም፣ የትሪፕስ (ቅጠሉን የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) መድኃኒት። መጋቢት፦ ነቀላ፣ ጆንያ፣ መጓጓዣ። "የሚገባ" የሚለው ዓምድ እስከ መጋቢት ባዶ ሆኖ ሲታይ ወርሃዊ ክፍያ ለምን እንደማይሆን ራሱ ይናገራል። ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው አስፈርሙት።

ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ዋናው ገንዘብ እስከ ሚያዝያ 30 የእፎይታ ጊዜ ይኑረው። ሙሉ በሙሉ እምቢ ካሉ ወለዱን ብቻ በየወሩ ለመክፈል ተስማሙ፤ 900 ብር ከወተትም ከእንቁላልም ይወጣል። 5,900 ግን አይወጣም።

ሁለተኛ፣ ብድሩ በሁለት ዙር ይውጣ። 20,000 ጥቅምት 1፣ 40,000 ተከላው ላይ። 50 ቀን የዘገየው 40,000 ወደ 986 ብር ወለድ ያድንላችኋል (40,000 × 18% × 50/365)። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ኅዳር ላይ የሚያስፈልግ ገንዘብ ጥቅምት ላይ እጅ ከገባ ወደ ሠርግ፣ ወደ ተዝካር፣ ወደ ቆርቆሮ ይሄዳል። አበዳሪውም ቢሆን ችግኙን መደብ ላይ አይቶ ሁለተኛውን ዙር መልቀቅ ይወዳል።

የቡድን ዋስትናውን በተመለከተ 18 ሰው ባንድ ዋስትና አይታሰር፣ ይበዛል። ማን ዋስ እንደሆነ የሚያስታውስ ይጠፋል። ሦስት ቡድን፣ ስድስት ስድስት ሰው። አንድ ጎጆ ውስጥ ያሉ (አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት) እርስ በርስ ዋስ አይሁኑ። ሰው ብዙ ጊዜ የማያስበው ደግሞ ይህ ነው፦ ከአንድ ቦይ የሚያጠጡ ሰዎችን ብቻ ባንድ ቡድን አታድርጉ። ያ ቦይ የካቲት ላይ ከደረቀ ተበዳሪውም ዋሱም አብረው ይወድቃሉ። ቦዩን ቀላቅሉ።

ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛው ፊርማ ያስፈልገዋል፤ ያላገባ የቀበሌ ማስረጃ ያምጣ። የኮንትራት መሬት ላይ የሚተክል ውሉ እስከ ነቀላው የሚዘልቅ መሆኑን ያረጋግጥ፤ መጋቢት ከመግባቱ በፊት የሚያልቅ ውል ይዞ የሚመጣ አይጠፋም።

ውዝፍ የሚፈጠርባቸው መንገዶች ተመሳሳይ ናቸው። አንዱ በሰው ስም መበደር ነው፤ ሦስት ሰው ፈርሞ ገንዘቡን አንድ ሰው ሲወስድ፣ ሲከስር ሦስቱም "እኔ አልበላሁትም" ይላሉ። ሌላው ሊቀመንበሩ የሁሉንም ክፍያ ሰብስቦ ለመክፈል ከተማ ሲሄድ ነው። እያንዳንዱ በስሙ ደረሰኝ ይቀበል፣ ደረሰኙም በእጁ ይቆይ። ደግሞ ግማሽ ቃዳ ያለው ሰው ከባለ አንድ ቃዳው እኩል 60,000 አይውሰድ፤ "እኩል ይሁን" የሚለው ይሉኝታ በቡድኑ ላይ ብዙ ዕዳ ያስከትላል።

ሦስት_ቁልፍ
የሳጥኑን ወገን ማንም ስላልተናገረ እኔ ልግባ። በሳጥን የመቆጠብ ዘዴው በ1991 እ.ኤ.አ. ኒጀር ውስጥ ማራዲ በሚባል አካባቢ የተጀመረ ሲሆን አሁን እኛም ጋ በየመንደሩ አለ። ከእቁብ የሚለየው ዕጣ ስለሌለው ነው፤ ሰው የሚያስቀምጠው እንደ አቅሙ ነው፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይም ከነትርፉ ይከፋፈላል።

የእናንተን ቁጥር ልውሰድ። አንድ ሼር 50 ብር። በሳምንት ቢያንስ 1፣ ቢበዛ 5 ሼር። ክረምት ላይ ሰው እጁ ስለሚያጥር ዝቅተኛው አንድ መሆኑ ግድ ነው፣ አለበለዚያ ሐምሌ ላይ አባል ይጎድላል። በአማካይ 3 ሼር ከያዝን 18 × 3 × 50 = 2,700 ብር በሳምንት። በ40 ሳምንት 108,000 ብር፣ 2,160 ሼር። ከብድር ወለድ 16,200 ቢገባ ጠቅላላው 124,200፤ ለ2,160 ሲካፈል የአንዱ ሼር ዋጋ 57.50 ብር ይሆናል። 120 ሼር የገዛ ሰው 6,000 አስገብቶ 6,900 ይወስዳል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ከጀመራችሁ 40 ሳምንቱ መስከረም መጀመሪያ ላይ ያልቃል። ክፍፍሉ ለሽንኩርት ዘር መግዣ ደረሰ ማለት ነው። ይህን ቀን ያለምክንያት አትምረጡት፤ ጥር ላይ የሚከፋፈል ሳጥን ገንዘቡ ሠርግ ላይ ያልቃል።

ደንቡ ላይ መጻፍ ያለባቸው፦
— ማንም ከቁጠባው ሦስት እጥፍ በላይ አይበደርም። የብድር ጊዜ ቢበዛ 3 ወር። ከነሐሴ 1 በኋላ አዲስ ብድር የለም፣ ክፍፍሉ ላይ ሳጥኑ ባዶ እንዳይሆን።
— ሦስት ቁልፍ ሦስት ሰው ዘንድ፣ ሳጥኑ አራተኛ ሰው ዘንድ። ቁልፍ ያዥና ሳጥን ያዥ ዘመድ አይሁኑ። ሳጥኑ ከስብሰባ ውጪ አይከፈትም፣ ለማንም፣ ለምንም።
— ሁለት ገንዘብ ቆጣሪዎች ጮክ ብለው ይቆጥሩ። ስብሰባው ሲያልቅ ቀሪውን ሒሳብ ሁሉም በቃሉ ይያዘው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ሁለት አባል ተጠይቀው ይናገሩ። ማንበብ የማይችል አባል ከጸሐፊው ጋር እኩል የሚሆነው በዚህ ነው።
— በቁጠባ ደብተሩ ላይ ቁጥር ሳይሆን ማህተም፤ አንድ ሼር አንድ ማህተም። ያልተገዛው ክፍት ቦታ ወዲያው ይሰረዝ፣ በኋላ ማህተም እንዳይጨመርበት።
— የመረዳጃው ገንዘብ (በሳምንት 10 ብር ቢሆን) በሌላ ከረጢት ይቀመጥ። ሕመምና ሐዘን ሲመጣ ከቁጠባው የሚወጣ ከሆነ የሼሩ ሒሳብ ይፋለሳል።
ስብሰባው ከገበያው ማግስት ይሁን። ገንዘብ ያለው ያን ቀን ነው።

ሒሳብ_ያዥ
ሳጥኑን እደግፋለሁ፣ ግን ቁጥሩን ተመልከቱ። የቡድኑ የብድር ፍላጎት 18 × 60,000 = 1,080,000 ብር ነው። ሳጥኑ በዓመት የሚሰበስበው 108,000፤ አንድ አሥረኛ። ሳጥኑ የሽንኩርቱን ሥራ ሊሸከም አይችልም። ለትሪፕስ መድኃኒት፣ ለነዳጅ፣ "ዛሬ 2,000 ጎደለኝ" ለሚባለው ግን ከማንም ተቋም ይሻላል። በዚያው ሳምንት ይደርሳል፣ የመንገድ ወጪም የለውም። ተቋሙ ለትልቁና ለወቅቱ፣ ሳጥኑ ለትንሹና ለየሳምንቱ። ሁለቱን ያጋጫችሁት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ተሳስታችኋል።

ወረታ_ሩዝ
የሳጥኑ ወለድ ስንት ይሁን? በአካባቢያችን 5 በመቶ በወር የሚያስከፍሉ አሉ። ይሄ ከአራጣ በምን ይለያል?

ሦስት_ቁልፍ
ወለዱ ለአባላቱ ስለሚመለስ ይለያል። ጥያቄህ ግን ትክክለኛ ነው፤ የሚመለሰው ለሁሉም እኩል አይደለም። ብዙ የሚበደረው ሰው ትንሽ ለሚበደረው ብዙ ቆጣቢ ይከፍላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ብዙ የሚበደረው ድሃው ነው። 5 በመቶ ሲሆን ዓመቱ መጨረሻ ላይ ባለ ብዙ ሼሮቹ ደስ ይላቸዋል፣ ተበዳሪዎቹ በሁለተኛው ዓመት ይወጣሉ። በወር 2 ወይም 3 በመቶ ይበቃል። ከላይ ያሰላሁት በ3 በመቶ ሆኖ በወር በአማካይ 60,000 ብር ለ9 ወር ብድር ላይ ከዋለ ነው፤ 1,800 × 9 = 16,200። ብድር ላይ የማይውል ገንዘብ ሳጥን ውስጥ ከተኛ ግን ትርፍ የለም፣ ሌባም ይጠራል። ከ20,000 ካለፈ ሦስት ፈራሚ ባለው የባንክ ሒሳብ አስቀምጡት። በቴሌብር እናስቀምጥ የሚል ይመጣባችኋል፤ ሒሳቡ የአንድ ሰው ስምና ሲም ካርድ ላይ ስለሆነ የሦስቱን ቁልፍ ትርጉም ያጠፋዋል።

ታንኳ_ቀዛፊ
ጣና ላይ አሳ የምናሰግር ሰዎችስ? ለመረብ 30,000 ብንበደር በምርት ወቅት መክፈል ለኛ ይሠራል?

የብድር_ዶሴ
አይሠራም፣ ለእናንተ ተቃራኒው ነው የሚሻለው። የሽንኩርት ገቢ በዓመት አንድ ጊዜ ጎርፎ ይመጣል፣ የአሳ ገቢ ግን በየቀኑ ጠብ ጠብ ይላል። በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈል ከተባለ የየቀኑ ገቢ ተበልቶ ያልቃል። ሳምንታዊ ወይም የ15 ቀን ክፍያ ጠይቁ። ሁለት ማስተካከያ ግን አለው። ብድሩ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ይውጣ፤ የአሳ ዋጋ የሚነሳው በጾሙ ነው፣ መረቡ ያን ጊዜ ውሃ ውስጥ መሆን አለበት። ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ክፍያው ይቀነስ፤ ነጩ አሳ ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጣበት ወቅት ስለሆነ ማስገር የማይገባበት ጊዜ ነው። ክፍያ ጠንክሮ ከተቀመጠ ሰው ወንዝ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል፣ የሚቀጥለውን ዓመት አሳም ያኔ ይጨርሰዋል። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ርካሽ መረብ በብድር አትግዙ። ያልደረሰ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይይዛል፣ ቶሎም ይቀደዳል፤ መረቡ አልቆ ዕዳው ይቀራል። እምቦጭ የሚደርስበት ዳርቻ ላይ የምትሠሩ ከሆነም ለመረብ መተኪያ የሚሆን ገንዘብ ከየሳምንቱ ገቢ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ወረታ_ሩዝ
በዚሁ ላይ፣ በሬ ለማድለብስ? ሦስት አራት ወር ነው የሚፈጀው።

የብድር_ዶሴ
አንድ ጊዜ የሚከፈል፣ 4 ወር፣ ከፋሲካ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ። በሬው የሚገዛው ከበዓሉ 100 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። የበሬውን ዋጋ ብቻ አትበደሩ፣ መኖውንም አስሉ፤ በቀን 3 ኪሎ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቢበላ በ100 ቀን 3 ኩንታል ነው። መኖው በመሀል ያለቀበት ሰው ከሲታውን በሬ ይሸጣል።

ሰላማዊ
ከወለድ ጋር መሥራት የማንፈልግ አባላት ብንሆንስ? ቡድኑ መለያየት አለበት?

ሒሳብ_ያዥ
የለበትም። ከወለድ ነፃ መስኮት ያላቸው ተቋማት ማዳበሪያውን ወይም ፓምፑን ራሳቸው ገዝተው ትርፍ ጨምረው በዱቤ ይሸጡላችኋል (ሙራባሃ)። የምታዩት ነገር የትርፉ መጠን ቀድሞ መወሰኑን፣ ስትዘገዩ የማይጨምር መሆኑንና ዕቃው በትክክል ስለመገዛቱ ነው። ሳጥኑም ላይ ወለድ የማይፈልጉ ቡድኖች ብድሩን ያለወለድ ሰጥተው መረዳጃውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ ሼሩ 50 ገብቶ 50 ይወጣል።

ፓምፕ_ጠጋኝ
አንድ ነገር ልጨምር። ዋስ ያጣ ሰው ፓምፑን ራሱን ማስያዝ ይችላል። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ (ቁጥር 1147/2011) መሠረት ሞተር፣ ከብት፣ የወደፊት ምርት ጭምር በዋስትና ይመዘገባል፣ መዝገቡንም የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ባንክ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ፓምፕ ስትገዙ የተመዘገበ ዕዳ እንዳለበት አጣሩ። ሻጩ ደረሰኝ ከሌለው የሞተሩን ቁጥር ጻፉ፤ ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ አትግዙ።

ጉማራ_ማዶ
የመጨረሻ ጥያቄ። ትልቁን ገንዘብ የት እናስቀምጥ? ባንክ፣ ማይክሮ ፋይናንስ፣ ወይስ የቀበሌው ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር? እዚህ ሁሉም "አብቁተ" ነው የሚለው።

የብድር_ዶሴ
አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) በ2022 እ.ኤ.አ. ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ ስሙ በሰው አፍ ላይ ቀርቶ ነው። ባንክና ማይክሮ ፋይናንስ ዘንድ ያለ ተቀማጭ በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር ዋስትና አለው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩም የሳጥናችሁም ገንዘብ ግን ይህ የለውም። ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ከገባችሁ በየዓመቱ ኦዲት መደረጉን ጠይቁ፣ የመጨረሻውን ሪፖርት በዓይናችሁ እዩ፣ ሪፖርቱ ላይ ካለው የተበዳሪ ዝርዝር ውስጥ የኮሚቴ አባላት ስም ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ቁጠሩ።

ጉማራ_ማዶ
ተግባብተናል። ቅዳሜ ሰሌዳውን ይዘን ወደ ባለሙያው እንሄዳለን፤ ሦስት ቡድን፣ ሁለት ዙር፣ ሚያዝያ 30። ሳጥኑን ታኅሣሥ ላይ እንጀምራለን።

ችግኝ_መደብ
ሦስቱ ቡድኖች በተለያየ ሳምንት ከዘሩ ሚያዝያ 30 ለሦስተኛው ቡድን ይጠብበታል። ሁለት ሁለት ሳምንት ከዘገየ ጥቅምት 29 የዘራው ሚያዝያ 9 ገደማ ነው የሚያደርሰው። ለእነሱ ግንቦት 30 አስጽፉላቸው።